ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቼሎና ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ይዘን ከየትኛው ሥራ እንጀምር?

ቼሎ_ከደብረ_ብርሃን (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ አራት ሆነን እንለማመዳለን፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቼሎና አንድ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ አለን። ቪዮላ የለንም፣ በቅርቡ የምናገኝም አይመስልም። ኪቦርድ የምትጫወተው እህታችን ኖታ በደንብ ታነባለች፣ ኮርድም ታውቃለች፤ ከባሱ ጋር የሚጻፉትን ቁጥሮች ግን ገና እየለመደች ነው። ለኦርጋንና ለክር መሣሪያዎች ከተጻፈው የቻምበር ሙዚቃ ሠላሳ ደቂቃ ያህል የሚሆን ፕሮግራም ማዘጋጀት እንፈልጋለን። ጥር ላይ እዚሁ በአንድ አዳራሽ እንጫወታለን፣ ከዚያ ሸዋሮቢት እንወርዳለን።

የሞዛርትን የቤተ ክርስቲያን ሶናታዎች አስበናል፤ ነገር ግን አሥራ ሰባት ስለሆኑ ከየትኛው መጀመር እንዳለብን አላወቅንም። ያለ ቪዮላስ ያስኬዳል ወይ? ሌላው ችግር ድምፁ ነው። ኪቦርዱ ላይ «ፓይፕ ኦርጋን» የሚለውን ስንከፍት ቫዮሊኖቹ ይዋጣሉ፣ ቼሎውማ ጨርሶ አይሰማም። ረጅም ኮርድ ላይ ደግሞ ሁላችንም ላ ላይ ተቃኝተን እያለ ድምፁ ይርገበገባል። ምን ብናደርግ ይሻላል?

ባስ_ቁጥር

የቪዮላው ነገር አያሳስባችሁ። ሞዛርት እነዚህን ሶናታዎች የጻፈው እ.ኤ.አ. ከ1772 እስከ 1780 ባለው ጊዜ ለሳልዝቡርግ ነው፤ በዚያ ከተማ የቤተ ክርስቲያን ልማድ ደግሞ ዘፋኞቹን የሚያጅቡት ሁለት ቫዮሊንና ባስ ነበሩ። ከአሥራ ሰባቱ በአንዱም የቪዮላ ፓርት አታገኙም። እናንተ ያላችሁት ሥራው የተጻፈለት ስብስብ ራሱ ነው።

ሶናታዎቹ የሚሰሙት በቅዳሴው መሐል፣ በመልእክቱና በወንጌሉ ንባብ መካከል ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ኮሎሬዶ ቅዳሴ እንዲረዝም አይፈልጉም፤ ሞዛርት በ1776 ለጣልያኑ የሙዚቃ መምህር ለፓድሬ ማርቲኒ በላከው ደብዳቤ ትልቁ ቅዳሴ እንኳ ከሦስት ሩብ ሰዓት ማለፍ እንደማይችል ጽፏል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሶናታ አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ ሦስት አራት ደቂቃ። ለአዲስ ቡድን ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ በአንድ ልምምድ አንዱን ከዳር እስከ ዳር መጨረስ ይቻላል።

አመራረጡን በተመለከተ («ኬ» የሞዛርት ሥራዎች ዝርዝር ቁጥር ነው)፣ መጀመሪያ ኬ 263፣ ኬ 278 እና ኬ 329ን ወደ ጎን አድርጓቸው። እነሱ ትራምፔት ይፈልጋሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ኦቦና ቲምፓኒ ይጨምራሉ። ከቀሩት ውስጥ በኬ 144 ወይም በኬ 69 ጀምሩ። ሁለቱም ሬ ሜጀር ናቸው፤ ሬ እና ላ በቫዮሊንም በቼሎም ባዶ ክር ስለሆኑ ቅኝታችሁ ሲዛባ ወዲያው ይሰማችኋል። ከዚያ ወደ ኬ 67 እለፉ። ሚ ፍላት ሜጀር ነው፣ ዝግ ያለ አንዳንቲኖ ነው። ኖታው ለዓይን ቀላል ይመስላል፤ ግን ዋናዎቹ ድምፆች ሚ ፍላት፣ ላ ፍላትና ሲ ፍላት ባዶ ክር የላቸውም፣ ጣት ትንሽ ሲንሸራተት ከኪቦርዱ ጋር ያለው ልዩነት ገሃድ ይወጣል።

ኬ 336ን ለመጨረሻ አቆዩት። እዚያ ኦርጋኑ አጃቢነቱን ትቶ እንደ ኮንቼርቶ ሶሎ ይጫወታል። ወደ መጨረሻው ላይ ሁሉም ቆሞ ኦርጋኑ ብቻውን የሚፈጥርበት የካዴንሳ ቦታ አለ። ተጫዋቿ ስምንት አሥር ባር የምትሆን አጭር ካዴንሳ አስቀድማ ጽፋ ብትይዝ ይበጃል፤ የመጨረሻው ትሪል ላይ ቫዮሊኖቹ መቼ እንደሚገቡ የምታሳየው በራስ ንቅናቄ ይሁን፣ እጇ ሥራ ላይ ነውና።

ከሞዛርት ጎን የጣልያኑን አቀናባሪ ኮሬሊን አስቀምጡ። ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 1 (1681) እና ኦፐስ 3 (1689) ለሁለት ቫዮሊን፣ ለባስ መሣሪያና ለኦርጋን የታተሙ የቤተ ክርስቲያን ሶናታዎች ናቸው፤ ኦርጋኑ የራሱ የባስ ደብተር አለው። ኦፐስ 2 እና ኦፐስ 4 ግን ለቤት የተጻፉ ናቸው፣ ባሳቸውም ለቼምባሎ፣ ክሩ እየተነጠቀ ለሚሰማው የቁልፍ መሣሪያ ነው፤ ስታወርዱ እንዳትደባልቁ። ከኦፐስ 3 ሁለተኛውን፣ ሬ ሜጀሩን እመክራለሁ። የሞዛርቱም የኮሬሊውም ኖታ አይኤምኤስኤልፒ (IMSLP) በሚባለው የኖታ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል።

የኦርጋን_ወንበር

በኖታው ምርጫ እስማማለሁ። እኔ ስለ ድምፁ ልጨምር።

ቼሎው የማይሰማው ድምፅ ማጉያው ስለ በዛ ብቻ አይመስለኝም። ብዙ ኪቦርድ ላይ «ፓይፕ ኦርጋን» ብሎ መጀመሪያ የሚመጣው ሁሉም የቱቦ ረድፍ በአንድ ጊዜ የተከፈተበት፣ ትልቅ ካቴድራል የሚሞላ ድምፅ ነው። ውስጡ 16 ጫማ አለበት፤ ጫማ የቱቦ ርዝመት መለኪያ ነው። 8 ጫማ የሚባለው ረድፍ እንደ ተጻፈው ይሰማል፤ 4 ጫማ አንድ ኦክታቭ ከፍ፣ 16 ጫማ ደግሞ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል። ይህ ዝቅ ያለው ነው ከቼሎ በታች ገብቶ የሚሸፍነው።

እንዲህ ፈትሹት። የባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ የመጨረሻው የግራ ቁልፍ ዶ እና የቼሎ ወፍራሙ ባዶ ክር ዶ እኩል ናቸው፣ 65 ኸርዝ ገደማ። ሁለቱን አብራችሁ አሰሙ። ኪቦርዱ ከቼሎው ሥር ሌላ ጥልቅ ድምፅ ካወጣ 16 ጫማ ተቀላቅሎበታል፤ ያንን ተዉትና ስሙ ውስጥ «ፍሉት» ያለበትን ለስላሳ የኦርጋን ድምፅ ፈልጉ። ለማጀብ 8 ጫማ ፍሉት ብቻውን ይበቃል። ፈጣን ክፍል ላይ ጥራት ካነሰው 4 ጫማ ይጨመርበት። ለኬ 336 ሶሎ ደግሞ ከዚያ አንድ ደረጃ ደመቅ ያለ ድምፅ በሌላ የድምፅ ማስታወሻ ቁልፍ አስቀምጡና አጃቢ በሆነችበት ቦታ ወደ ፍሉቱ ትመለስ።

ሌሎቹ ማስተካከያዎች፦ የጣት ክብደት የሚለየውን ተግባር አጥፉ፤ ኦርጋን ጠንክሮ ስለ ተመታ አይጮኽም። የማራዘሚያ ፔዳሉን ጨርሶ ንቀሉት። ኮረስና የሚሽከረከር ስፒከር ተጽዕኖ ይጥፉ። ትራንስፖዙ ዜሮ፣ ጠቅላላ ቅኝቱ 440፣ የስኬል ማስተካከያው እኩል ይሁን። ይህን የመጨረሻውን አደራ፤ ኪቦርዱን ሌላ ሰው ለአምባሰል ወይም ለአንቺ ሆዬ አስተካክሎት ከነበረ አንዳንድ ቁልፎች ብቻ ተዛብተው ይቀሩና ምክንያቱ ሳይገኝ ጊዜ ይባክናል።

የስፒከሩ ቦታ ከቼሎው ኋላ፣ ከወለል ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ጥግ ርቆ ይሁን። ጥግ ውስጥ ሲገባ ባሱ ያብጣል። መጠኑን የሚወስነው አዳራሹ መሐል የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ቫዮሊኖቹ ሲያርፉ ኦርጋኑ በግልጽ ይሰማው፣ ሲገቡ ግን ከሥራቸው ይግባ። ለተጫዋቿ ራሷ ትንሽ ያነሰ ቢመስላት ልክ ነው።

አሁን ወደ እጇ። የግራ እጅ ባሱን ከቼሎው ጋር ይሄዳል፣ ቀኝ እጅ ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ ይሞላል። ቁጥር ከሌለ ተራው ኮርድ ነው። 6 ካለ ከባሱ ተቆጥሮ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ትያዝ፤ ባሱ ሚ ሆኖ 6 ሲጻፍበት ሶልና ዶ ማለት ነው። 6 እና 5 ተደራርበው ከተጻፉ፣ ባሱ ፋ ሻርፕ ቢሆን፣ ላ፣ ዶ እና ሬ። ብቻውን የቆመ ሻርፕ ወይም ፍላት ሦስተኛውን ድምፅ ይለውጣል። ቀኝ እጅ ከአንደኛው ቫዮሊን በላይ አይውጣ።

ኮሬሊ ላይ በጣም የሚበላሸው ቦታ 7 6 እያለ የሚወርደው ሰንሰለት ነው። ባሱ ሬ ላይ ሆኖ 7 6 ሲጻፍበት መጀመሪያ ዶ፣ ቀጥሎ ሲ ይመጣል። ዶን ይዞ የሚቆየው አንዱ ቫዮሊን ነው። ኪቦርድ ተጫዋቿ ኮርዱን በስሙ ብቻ አስባ ሲን ቀድማ ከነካችው፣ ቫዮሊኑ ገና ዶ ላይ እያለ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ያ ሁሉ ውበት ጭቃ ይሆናል። መፍትሔው እዚያ ቦታ ላይ 7ቱንም 6ቱንም ለቫዮሊን ትቶ ባሱንና ሦስተኛውን ብቻ መያዝ ነው። ቫዮሊኖቹም የታሰረውን ድምፅ ደጋኑ እያለቀ አያዳክሙት፤ ግጭቱ ላይ ደገፍ ብለው፣ ሲፈታ ይለቀቅ።

ቼሎ_ከደብረ_ብርሃን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፈትሸነው በእርግጥም ከቼሎው በታች የሚወርድ ድምፅ ነበረው፤ ወደ ፍሉት ስንቀይረው ብዙ ነገር ተስተካከለ። መርገብገቡ ግን አልጠፋም፣ በተለይ ኮርዱ ረዘም ብሎ አንዱ ቫዮሊን መሐል ያለውን ድምፅ ሲይዝ። አንድ ወዳጃችን ደግሞ የደብረ ብርሃን ከፍታ ቅኝት ያወርዳል ይላል። እውነት ነው?

ሴንት_በሴንት

ከፍታው ጥፋት የለበትም። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በአየሩ ሙቀት ነው፤ ግፊቱ ስለ ሳሳ ብቻ አይቀየርም። የቱቦ ኦርጋን ቢኖራችሁ ኖሮ የሚያወርደው ብርዱ ነበር። በ20 ዲግሪ 440 የተቃኘ ቱቦ በ10 ዲግሪ 432 አካባቢ ይሰማል፣ በየዲግሪው 3 ሴንት ያህል ማለት ነው፤ ሴንት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው። ኪቦርዱ ግን በብርድም በሙቀትም 440 ላይ ነው። ስለዚህ የሚንቀሳቀሰው የእናንተ ክር ብቻ ነው።

መርገብገቡ ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው የባዶ ክሮቹ ነው። ሁላችሁም ላን ከኪቦርዱ ትቀበሉና ሌላውን በአምስተኛ እያዳመጣችሁ ትወርዳላችሁ። በጆሮ ንጹሕ የሆነው አምስተኛ 702 ሴንት ነው፣ የኪቦርዱ ግን 700። ቼሎ ከላ ወደ ሬ፣ ወደ ሶል፣ ወደ ዶ ሦስት ጊዜ ሲወርድ ዶው ከኪቦርዱ ዶ 6 ሴንት ያህል ዝቅ ይላል፤ የቫዮሊን ሶል ደግሞ 4 ሴንት። ከኦርጋን ጋር ስትጫወቱ እያንዳንዱን ክር ለየብቻው ከኪቦርዱ ተቀበሉ። ኪቦርዷ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ፣ በመጨረሻ ለቫዮሊኖቹ ሚ፣ እያንዳንዱን አሥር ሰከንድ ያህል ትያዝላችሁ፤ ኮርድ ሳይሆን ነጠላ ድምፅ፣ በ8 ጫማ ፍሉት።

ሁለተኛው ምንጭ እናንተ «መሐል ያለው ድምፅ» ያላችሁት ነው። ሜጀር ሦስተኛ በጆሮ ንጹሕ ሲሆን 386 ሴንት ነው፣ ኪቦርዱ 400 ላይ ነው። 14 ሴንት ለሠለጠነ ጆሮ ብዙ ነው። ጥሩ ቫዮሊን ተጫዋች ሬ ሜጀር ኮርድ ላይ ፋ ሻርፕ ሲይዝ ጆሮው ወደ ታች ይስበዋል፣ ኪቦርዱ ደግሞ ያንኑ ፋ ሻርፕ ከፍ አድርጎ ይዟል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ አብረው ግን አይሆኑም። የክር ተጫዋቹን ጆሮ አታበላሹት፤ ይልቅ ኪቦርዷ እዚያ ቦታ ላይ ሦስተኛውን ትተው። ረጅም ኮርድ ያለበትን እያንዳንዱን ባር በእርሳስ አክብቡና ሦስተኛው በማን እጅ እንዳለ ጻፉበት። በቫዮሊን ከተያዘ ቀኝ እጅ ሬ እና ላ ብቻ ይያዝ። የክፍሉ የመጨረሻ ኮርድ ላይ ይህ የግድ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚሰማው እሱን ነውና።

ኪቦርዳችሁ የድሮ ቅኝቶችን የመምረጥ አቅም ካለው ሚንቶን የሚባለውን ለኮሬሊ ሬ ሜጀር መሞከር ይቻላል፤ ሦስተኞቹ ይረጋሉ። ለኬ 67 ግን አትጠቀሙበት፤ ሚ ፍላት ሜጀር ላ ፍላት ይፈልጋል፣ በተለመደው ሚንቶን ያ ቁልፍ ሶል ሻርፕ ሆኖ ስለ ተቃኘ ይጮህባችኋል።

ወናፍ

ከፕሮግራማችሁ የቼኩ አቀናባሪ ድቮርዣክ እንዳይቀር። የ1878 ባጋቴሎቹ፣ ኦፐስ 47፣ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቼሎና ለሐርሞኒየም የተጻፉ ናቸው፤ እንደ ልካችሁ የተሰፋ ሥራ ነው። ፕራግ ውስጥ በወዳጅ ቤት ተሰብስበው ለሚጫወቱ ሰዎች ነው የጻፈው፣ ፒያኖ ስላልነበረ ሐርሞኒየሙን ተጠቀመ። አምስት አጫጭር ክፍሎች፣ በድምሩ ሃያ ደቂቃ ገደማ። አንደኛውና ሦስተኛው በአንድ የቼክ ሕዝብ ዜማ ላይ የቆሙ ናቸው፤ አራተኛው ካነን ነው፣ አንዱ የጀመረውን ዜማ ሌላው ተከትሎ የሚደግምበት፤ ተከታትሎ መግባቱ ጎልቶ እንዲወጣ ሐርሞኒየሙ በጣም ዝቅ ማለት አለበት።

ሐርሞኒየም ከቱቦ ኦርጋን የሚለየው ድምፁ በቀጭን የብረት ምላስ ስለሚወጣና ተጫዋቹ በእግሩ ወናፉን እየነፋ ድምፁን ማሳደግና ማሳነስ ስለሚችል ነው። ድቮርዣክ ክሬሼንዶ (ድምፅ እያደገ ይሂድ) ሲጽፍ ለሐርሞኒየሙም ጭምር ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የኪቦርዱ የድምፅ መጠን ፔዳል ያስፈልጋል፤ ከሌለ ኮርዱ ከክሮቹ ጋር አይተነፍስም። ድምፁን ደግሞ ከኦርጋኑ ዘርፍ ሳይሆን «ሐርሞኒየም» ወይም «ሪድ ኦርጋን» ከሚለው ውሰዱት።

ፔዳል ካጣችሁ አኮርዲዮን ፈልጉ። በአገራችን ሐርሞኒየም ማግኘት ከባድ ነው፣ አኮርዲዮን ግን አይጠፋም፤ ምላሱም ወናፉም የዚያው ዘር ነው።

የኦርጋን_ወንበር

አኮርዲዮኑ ላይ ቅር ይለኛል። የተለመደው ትልቁ አኮርዲዮን ቀኝ እጁ ላይ 41 ቁልፍ ነው ያለው፣ ዝቅተኛው ከመካከለኛው ዶ በታች ያለው ፋ ነው። የሐርሞኒየሙ ግራ እጅ ከዚያ በታች ብዙ ይወርዳል። የግራ እጁ ቁልፎች ደግሞ የተዘጋጀ ኮርድ ስለሚሰጡ ድቮርዣክ የጻፈውን የድምፆች አሰላለፍ ያፈርሱታል።

ወናፍ

ስለ ወሰኑ ልክ ነህ። ባሱ ከቼሎው ጋር አንድ በሆነበት ቦታ ቼሎው ይሸከመዋል፤ ካልሆነ ግን ኪቦርዷ በግራ እጇ ባሱን ይዛ አኮርዲዮኑ ላይኛውን ብቻ ይጫወት፣ አምስተኛ ሰው ከተገኘ። አንድ ነገር ግን ሁለታችንም የምንስማማበት ይመስለኛል፤ የሚንቀጠቀጠው ሪጅስተር (የአኮርዲዮኑ የድምፅ አማራጭ) አይከፈት። እሱ ሁለት ምላስ ሆን ተብሎ ተለያይቶ የተቃኘበት ነው፤ ቫዮሊን የትኛውን እንደሚከተል ያጣል። ነጠላ ምላስ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ክላሪኔት የሚባለው፣ እሱ ብቻ።

ክር_ጠጋኝ

ስለ ጉዞውና ስለ ብርዱ ማንም ስላላነሳ እኔ ልበል። ጥር ላይ ደብረ ብርሃን ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ቀኑ ደረቅ ንፋስ። እንጨቱ ይጨማደዳል፣ መቃኛዎቹ ይሸራተታሉ። የሚሸራተተውን መቃኛ አውጥታችሁ ከግንዱ ጋር በሚነካበት ቦታ ደረቅ ጠመኔ ቀቡት፤ ክረምት ላይ አብጦ አልዞር ሲል ደግሞ ደረቅ ሳሙና። ዘይት በጭራሽ።

ከቀዝቃዛ ክፍል ሰው ወደ ሞላበት አዳራሽ ስትገቡ ክሩ እየሞቀ ይላላል፣ ቅኝቱ ይወርዳል። ኪቦርዱ አብሮ ስለማይወርድ በመጀመሪያው ሶናታ መሐል ልዩነቱ ይገለጣል። ስለዚህ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት በፊት መሣሪያዎቹ አዳራሹ ውስጥ ሳጥናቸው ተከፍቶ ይቀመጡ፤ ከኬ 67 በፊትም እንደገና ከኪቦርዱ ተቀበሉ፣ ማንም አያፍርበትም።

ሸዋሮቢት ስትወርዱ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ጣርማበርን አልፋችሁ በአንድ ቀን ከውርጭ ወደ ቆላ ነው የምትገቡት። ቫዮሊንና ቼሎ የሚጣበቁት ከእንስሳ ቆዳና አጥንት በሚሠራ ሙጫ ነው፤ ሙቀት ያለሰልሰዋል፣ በቆመ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ከተተወ ጎኑ ከደረቱ ሊላቀቅ ይችላል። ሳጥኑን በመንዝ ባና ጠቅልሉት፤ ብርዱንም ሙቀቱንም ያዘገየዋል፣ ድንገተኛ ለውጥ ነው እንጨት የሚሰነጥቀው። የመኪና ጣሪያ ላይ አይጫን። ክሮቹን ሙሉ በሙሉ አታላሉ፤ ብሪጁ ይወድቃል፣ ውስጥ ያለችው ትንሽ ዓምድም ልትወድቅ ትችላለች። ከቅኝቱ አንድ ድምፅ ያህል ዝቅ ይበቃል። የደጋኑ ፀጉር ግን ከተጫወታችሁ በኋላ ሁልጊዜ ይላላ።

እንደ ደረሳችሁ ቼሎውን አንሱና የጎኑን ዙሪያ በጣት አንጓ ቀስ ብላችሁ አንኳኩ። የተላቀቀ ቦታ ካለ ደረቅ፣ ቅጭ ቅጭ የሚል ድምፅ ይሰጣል። በፈጣን ማጣበቂያ እንዳትነኩት፤ ለዚያ ቀን ጨዋታ ካላስቸገረ ተዉት፣ ካስቸገረም የሚያውቅ ሰው በራሱ ሙጫ ይጠግነው።

ቼሎ_ከደብረ_ብርሃን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲህ ኬ 144፣ ኬ 67፣ የኮሬሊው ኦፐስ 3 ሁለተኛው፣ ከዚያ ባጋቴሎቹ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ መብራት ቢጠፋስ?

ባስ_ቁጥር

ኪቦርዱ ባትሪ የሚወስድ ከሆነ አዲስ ባትሪ ከውስጡ ይሁን፣ በራሱ ስፒከር ይሠራል። ድምፁ ያንሳል፤ ስለዚህ ተጫዋቿን ከቼሎው አጠገብ ወደ ፊት አቅርቧት። ባትሪ የማይወስድ ከሆነ ኮሬሊውን ያለ ኦርጋን በሦስት ክር ብቻ ተለማምዳችሁ ያዙት፤ ሁለቱ ቫዮሊንና ባሱ ብቻቸውን ዜማውን ይሸከማሉ። ሞዛርት ላይ ግን መሐሉ ባዶ ይሆናል፤ መብራቱ እስኪመጣ ኮሬሊውን አስቀድሙ።